አባዬ፣ ሐይቁ እና የዘጠኝ ወር ሪፖርት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሐረር መንገድ የሚገናኙት ሁለት ዓይነት ፍጡራን ናቸው። ከጀጎል በልተው ወደ ጉድጓዳቸው የሚመለሱ ጅቦች፣ እና እኔ ከአባቴ ጋር።

ጅቦቹ እኛን ለምደውናል። እኛም እነሱን። የማይለምደን የሰፈራችን ጥበቃ ብቻ ነው። ባየን ቁጥር ጋቢውን ገለጥ አድርጎ "መምህር፣ ዛሬም አሳ?" ይላል። አባዬ "ዛሬም" ይለዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ የቢሮ ቦርሳዬን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። አልፈርድበትም። በአንድ እጇ የአሳ መንጠቆ ሣጥን፣ በሌላ እጇ ላፕቶፕ የያዘች የሒሳብ ሠራተኛ በየቀኑ አይታይም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አሳ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ከየካቲት ጀምሮ፣ በልጉ ከገባ ማለት ነው፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ኑሮዬ እንዲህ ሆኗል። በ11 ሰዓት እንነሳለን። በመጀመሪያው ሚኒባስ አወዳይን አልፈን ሐረማያ እንወርዳለን። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አወዳይ ላይ ሾፌሩ ጫት የጫኑ መኪኖች እስኪያልፉ ይቆማል። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። አባዬ እስከ 1 ሰዓት ከሩብ ያጠምዳል። ከዚያ በሩጫ ወደ ሐረር፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛዬ ላይ እገኛለሁ። እገኛለሁ ስል፣ አብዛኛውን ቀን።

አባዬ የሚያጠምደው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። የሐረማያ ልጆች መንጠቆ ላይ ትል ሰክተው፣ ሸምበቆ ይዘው ቁጭ ይላሉ። እሱ ትል አይነካም። ከዶሮ ላባና ከክር ዝንብ ይሠራል። እውነት ነው የምላችሁ፣ ዝንብ ይሠራል። መንጠቆው ላይ ክር ይጠመጥማል፤ የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይዞርበታል፤ ሲያልቅ ውሃ ላይ የወደቀች ነፍሳት ይመስላል። ክሩን መኪና ግርግር ካሉ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ እየለመነ ያመጣል። ላባው ደግሞ የገና ዶሮ ነው። እናቴ ዶሮውን ስትገነጥል እሱ አጠገቧ ቆሞ "የአንገቱን እንዳትጥይ" ይላል። እሷም "እኔ ለወጥ አረድኩ፣ አንተ ለዝንብ" ትለዋለች።

ይህ ዓይነቱ ማጥመድ የአባዬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት ኤሊያን የተባለ የሮም ጸሐፊ በመቄዶንያ ያሉ አጥማጆች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ የአውራ ዶሮ ላባ አስረው አሳ እንደሚያታልሉ ጽፏል። ጥበቡ ያለው ውርወራው ላይ ነው። ዝንቧ ክብደት የላትም፤ እንደ ድንጋይ ብትወረውራት እግርህ ሥር ነው የምትወድቀው። ክብደቱ ያለው ወፍራሙ ክር ላይ ነው። ክሩን ወደ ኋላ ትለቀዋለህ፣ ከኋላህ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ካልጠበቅህ ክሩ ጅራፍ ይሆንና ዝንብህ ተቆርጣ ትቀራለች። አባዬ ይህን ሲያስተምረኝ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ከኋላሽ ያለው ሳይዘረጋ ወደ ፊት አትቸኩዪ።"

ከማን ተማረው? ከአንድ አሜሪካዊ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ዓለማያ ኮሌጅ ነበር፤ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተቋቋመ የእርሻ ኮሌጅ። አያቴ እዚያ ዘበኛ ነበር። አባዬ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከመምህራኑ አንዱ ማታ ማታ ሣር ላይ ቆሞ ክር ሲወረውር ያያል። ውሃ የለ፣ አሳ የለ፤ ሰውዬው ብቻውን ሣር ላይ ይወረውራል። አባዬ "አብዷል ብዬ ነበር" ይላል። ቀረብ ብሎ ሲያይ ግን ክሩ አየር ላይ የሚጽፈውን ነገር ወደደው። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ዘንጉንና ማጠንጠኛውን ለዘበኛው ልጅ ሰጠው። ዘንጉ እስከ ዛሬ አለ። ክሩ ግን ተሰነጣጥቆ አለቀ፤ አሁን ያለው አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ የላከችው ነው።

ያ ሰው ለአባዬ ሌላም ነገር ትቶለት ሄደ። ምኞት። "ይህ ዘንግ የተሠራው ለቆሮሶ አይደለም፤ ትራውት ለሚባል የቀዝቃዛ ወንዝ አሳ ነው" አለው። አባዬ ከዓመታት በኋላ የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ትራውት አገራችንም እንዳለ ሰማ። የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ አሳ ነው። እንግሊዞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኬንያ ደጋ ወሰዱት፤ ከኬንያ ደግሞ በንጉሡ ዘመን ወደ ባሌ መጥቶ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። ትራውት ሙቅ ውሃ አይችልም፤ በእኛ ምድር የሚኖረው ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ተስማማው።

አባዬ የዌብን ወንዝ ለሠላሳ ዓመት አስተምሯል። ከባሌ ተራሮች ይነሳል፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፣ ወደ ገናሌ ይገባል፣ ውሃው ጁባ ሆኖ ሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሳለው እሱም አያውቀውም። አንድ ቀን ግን በዓይኑ አላየውም።

ለገና በዓል ቤት ተሰብስበን "ዘንድሮ ዲንሾ እወስድሃለሁ" አልኩት። የቸኮልኩበት ምክንያት አለኝ። ከዓመት በፊት አባዬ ግላኮማ እንዳለበት ተነገረን። ይህ በሽታ የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ ጠብታው የሚያደርገው የቀረውን ማቆየት ነው። የሚበላው ደግሞ ከዳር ነው። ፊት ለፊትህ ያለውን ታያለህ፤ ጎንህ ያለው ቀስ እያለ ይጠፋል።

ለየካቲት ተባባልን። በየካቲት የመሥሪያ ቤታችን ኦዲተሮች መጡ፤ ወደ መጋቢት አዘዋወርነው። በመጋቢት የዘጠኝ ወር ሪፖርት ተባለ፤ ወደ ሚያዝያ። ጂኦግራፊ መምህሩ ደግሞ የወራቱን ትርጉም ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የባሌ በልግ ሲጠነክር ወንዙ ይደፈርሳል፤ ውሃው ከደፈረሰ ትራውቱ ዝንቧን አያያትም። ሁለቱም፣ አሳውም አባዬም፣ ማየት የሚችሉበት ጊዜ እያጠረ ነበር። እሱ ግን ምንም አላለም። "እስከዚያው ሐረማያ ልለማመድ፣ አንቺም ተማሪ" አለኝ። የማለዳው ጉዞ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ስለ ሐረማያ አንድ ነገር ልበል፤ ወጣቶቹ ላታስታውሱት ትችላላችሁና። ሐይቁ ሞቶ ነበር። የሐረርን ሕዝብ ሲያጠጣ የኖረ፣ ጀልባ የተቀዘፈበት፣ አሳ የተበላበት ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ፤ ሜዳ ሆነ፤ ከብት ጋጠበት። እኛ ሐረሮች ከድሬዳዋ በኩል በረጅም ቧንቧ ውሃ እስኪመጣልን በቢጫ ጀሪካን የከረምነውን አንረሳም። አባዬ ያኔ አንድ ቀን የተሰነጠቀው ጭቃ መሐል ገብቶ፣ በልጅነቱ ያጠመደበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን አጭቅይቶ መጣ። እናቴ "የት ነበርክ?" ስትለው "ሐይቁ ውስጥ" አላት።

ማን አደረቀው? ብትጠይቁ አንድ ስም አታገኙም። ጫትና ድንቹን ሊያጠጣ ሞተር የተከለው ገበሬ አለ። ውሃ የጠጣነው የሐረር፣ የአወዳይና የሐረማያ ነዋሪዎች አለን። ዛፉ ከተጨፈጨፈ ኮረብታ ታጥቦ የገባው ደለል አለ። የዝናቡ መዋዠቅ አለ። "ዛሬ ሐይቅ ላድርቅ" ብሎ የተነሳ ሰው የለም። እያንዳንዱ ለሚገባ ምክንያት ጥቂት ቀዳ። ደግነቱ ባለፉት ዓመታት ውሃው ተመልሶ መጥቷል፤ ወፉም፣ ቆሮሶውም፣ አምባዛውም። አባዬ ይህን ሲያይ የደስታውን መጠን ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልመለስ።

ማጥመድንና ሥራን አብሮ ማስኬድ ፎቶ ላይ ነው የሚያምረው። ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። አለቃዬ ናቸው። "የት ደረስሽ?" "መንገድ ላይ ነኝ።" ውሸት ነው፤ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ነኝ። አንድ ቀን ከኋላዬ ዳክዬ ጮኸችና "ምንድነው እሱ?" አሉኝ። "መነኸሪያ ነኝ፤ ሰው ዶሮ ይዞ ነው" አልኩ። አባዬ ሰምቶ "ለአሳ ብለሽ አትዋሺ፤ አሳም ውሸታም አይወድም" አለኝ። ሳቅን። የሚያስቅ አልነበረም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የሒሳብ ሥራ የማይምረው ነገር ደረሰብኝ። እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይን 48,600 ብርን 486,000 ብዬ መዘገብኩ። አንዲት ዜሮ። ሪፖርቱ ወጥቶ፣ ተፈርሞ፣ ማታ ቤቴ ተኝቼ ነው ቁጥሩ የታየኝ። በማግስቱ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። አለቃዬ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "እስከ ዛሬ ያንቺን ወረቀት ሳልመረምር ነበር የምፈርመው" አሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር እስከ አሁን ሆዴ ውስጥ አለ። ለሥራዬ ግድ የለኝም ብዬ እንዳታስቡ። የወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ፣ የአባዬ ጠብታ፣ የቤት ኪራይ የሚወጣው ከዚያች ጠረጴዛ ነው። እንጀራ የሚናቅ ነገር አይደለም።

በዚያው ሳምንት ሐይቁ ዳር ሌላ ነገር ሆነ። ሁሌ እንደማደርገው በግራው በኩል ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። አባዬ ክሩን ወደ ኋላ ለቀቀ፣ ጠበቀ፣ ወደ ፊት ሲመልሰው መንጠቆው ነጠላዬን ይዞ መጣ። ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ትንሽ ከፍ ቢል ፊቴ ነው። እሱ አሳ የያዘ መስሎት ሳበ። "አባዬ! እኔ ነኝ!" ስል ደነገጠ። ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ወደ መንጠቆው አየ፣ ከዚያ በቀስታ "እዚያ መሆንሽን አላየሁም" አለ።

ለስንት ጊዜ እንዳላየኝ ያኔ ገባኝ። ጎኑ ቆሜ ስንት ማለዳ ያሳለፍኩት ለእሱ ባዶ ቦታ ላይ ነበር። በወሬ ነው ያገኘኝ እንጂ በዓይኑ አልነበረም። ነጠላዬን ከመንጠቆው ሳላቅቅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔም።

ስለ ዜሮዋ ጉዳይ የዚያኑ ቀን ማታ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና "ዲንሾ ይቅር" አለ። "ሩቅ ነው፣ ብርድ ነው፣ መንገዱም እንዴት እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ሐረማያ ይበቃኛል። ሐይቁ ተመልሶልኝ የለ? ሌላ ምን እፈልጋለሁ?" በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ለምስክርነት ያህል አንድ ደልደል ያለ ቆሮሶ በዝንቡ ያዘ። ፊት ለፊቴ ከፍ አድርጎ "አየሽ? ትራውት ምን ያደርግልኛል?" አለ። እናቴ ጾም ላይ አሳ አይበላም ባይ ናት፤ ጎረቤቶቻችን ግን ይበላል ባይ ስለሆኑ ቆሮሶው ወደ እነሱ ሄደ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ "ዲንሾ ይቅር" ሲለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ሪፖርቴን አስተካክዬ፣ እንቅልፌን ተኝቼ፣ የአለቃዬን እምነት እመልሳለሁ አልኩ። ራሱ ተወው፤ እኔ አልከለከልኩትም። ሁለት ቀን በዚህ ሐሳብ ሰላም አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ለውሃ ስነሳ ሳሎን መብራት በርቶ አየሁ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ ዝንብ እየሠራ ነበር። ሐረማያ የሚጠቀምባቸውን ትልልቆቹን አይደለም። ትንንሾቹን፣ ጥቁሮቹን፣ ለቀዝቃዛ ወንዝ የሚሆኑትን። መንጠቆዋን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ በዚያች በቀረችው የዓይኑ መሐል እያየ ይጠመጥማል።

ቆሜ አየሁት። አላየኝም። በጎኑ በኩል ነበርኩ።

ወላጆቻችን አንድ ነገር ሲተዉልን እውነት አይምሰለን። "ይቅር ልጄ፣ አልፈልግም" የሚለው ቃል በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚነገር የፍቅር ውሸት ነው። ሐኪም ቤት ይቅር፣ ጫማው ይቅር፣ ፀበሉ ይቅር፣ አንቺን ከሥራ ከማስፈታ ይቅር። እኛም ውሸቱን ፈጥነን እናምናለን፤ ይመቸናላ። አምነን ስናበቃ ደግሞ ለለቅሶው ቀን ፈቃድ አናጣም። ይህን አስቡት፤ ሰው ሲሞትብን ማንም አለቃ የማይከለክለንን ሦስት ቀን፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለመጠየቅ እናፍራለን።

የአባዬን ጊዜ ማን አደረቀው? ኦዲተሮቹ? ሪፖርቱ? አለቃዬ? እንደ ሐይቁ ነው። እያንዳንዱ ቀጠሮ የተራዘመው በሚገባ ምክንያት ነበር። የካቲት ላይ ትንሽ ቀዳሁ፣ መጋቢት ላይ ትንሽ ቀዳሁ። ማንም ሊያደርቅ አልተነሳም። ልዩነቱ፣ ሐረማያ ዝናብ ሲጥል ተመለሰ። የዓይን ብርሃን አይመለስም።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የራሴን ፋይል አወጣሁ። የሌላውን ሰው ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ የራሴን ሠርቼ አላውቅም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃዱ ቢተላለፍም ከሁለት ዓመት በላይ እንዲተላለፍ አዋጁ አይፈቅድም። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያልወሰድኩትን ቀን ደምሬ አፈርኩ። የከለከለኝ አልነበረም፤ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከማለዳ የሰረቅኩት ሰዓት፣ የዋሸሁት ውሸት፣ የሳትኳት ዜሮ፣ ሁሉም የመጣው በግልጽ መጠየቅ ስለፈራሁ ነው።

ማመልከቻዬን ይዤ ገባሁ። ስለ ማለዳዎቹ ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ ዳክዬዋም ጭምር። አለቃዬ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "የተስተካከለው ሪፖርት መጀመሪያ፣ ፈቃዱ ከዚያ" አሉ። "ማለዳ ሐይቅ የሚባል ነገር ግን እንዳልሰማ።" ተስማማሁ። ለሁለት ሳምንት ሐረማያ አልሄድንም። ሰኔ ላይ ለሚከፈተው የኃላፊነት ቦታ ስሜ ሲነሳ እንደነበር አውቃለሁ፤ አሁን እንደማይነሳም አውቃለሁ። ይህን ለጀግንነት አልጽፈውም፤ ዋጋ የለውም ብዬ እንዳላታልላችሁ ነው።

ሪፖርቱን ሐሙስ አስረከብኩ። ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ነው የተፈረመው፤ ይገባኛል።

አሁን ይህን የምጽፈው ሻንጣ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ከዳግማ ትንሣኤ ማግስት እንሄዳለን። እስከ አዳማ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዳማ አድረን በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርገን ዲንሾ። ስለ መንገዱ ሾፌሮችን ጠይቄያለሁ። የማጥመድ ፈቃዱን ዲንሾ ካለው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት እናወጣለን። ሁለት ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያ ይዣለሁ። ጠብታውን ሁለት ብልቃጥ፤ አንዱ የእኔ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ የእሱ ኪስ ውስጥ። እናቴ ዳቦ ቆሎና በሶ አዘጋጅታለች። ለፋሲካ ከታረደው ዶሮ ደግሞ የአንገቱን ላባ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለይታ በወረቀት ጠቅልላ ሻንጣው ላይ አስቀምጣለች።

ላፕቶፑ ቤት ይቀራል።

ዝናቡ ባሌ እንደጀመረ ሰምተናል። ወንዙ ደፍርሶ ሊጠብቀን ይችላል፤ አንድ ትራውት ላናይ እንችላለን። ይህንን ለአባዬ ስነግረው "የማውቀውን ወንዝ ላየው እኮ ነው የምሄደው፤ ቢደፈርስም ዌብ ነው" አለኝ። ከዚያ ዘንጉን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ "አንቺ ግን በቀኝም በግራም አትቁሚ፤ ፊት ለፊቴ ሁኚ፣ እንዳይሽ" አለ።

"ታዲያ በመንጠቆ ብትይዘኝስ?" አልኩት።

"ወደ ጎን እወረውራለሁ" አለ።

ቸር ያሰንብተን።